አዮዲን ሞኖክሳይድ በባሕር ዳር፦ የብርሃኑ መስመር በየት ይዘርጋ? መሣሪያውስ የት ይቀመጥ?

ሞገድ ዳር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ሙያ ላይ ያላችሁ ሰዎች እንድታማክሩኝ ነው።

በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ብሪታኒ ውስጥ ሮስኮፍ ዳርቻ ላይ የአዮዲን ሞኖክሳይድ (አንድ የአዮዲንና አንድ የኦክሲጅን አቶም ያለው ጋዝ) የአራት ሳምንት ልኬት ታስቧል፤ ወሩ ሴፕቴምበር ነው። ያሉት መሣሪያዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ብርሃን ልኮ ከሩቅ አንጸባራቂ የሚቀበል ረጅም መስመር ዶአስ ነው፤ ዶአስ ማለት ጋዞችን ከሚውጡት ብርሃን የሚለይ ዘዴ ነው። ሁለተኛው በሁለት መስታወቶች መካከል ብርሃን የሚያመላልስ፣ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ካቪቲ ዶአስ ነው። ሦስተኛው አዮዳይድ አዮን የሚጠቀም የማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ሲምስ ነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ረጅሙ መስመር ብቻውን ይበቃል ወይ? ካቪቲው ከውሃው ምን ያህል ይራቅ? በሲምሱስ ከአዮዲን ሌላ ምን መያዝ ይቻላል? ካሊብሬሽኑን በተመለከተ የምታውቁትን ሁሉ ንገሩኝ።

---

ጨረቃና ባሕር

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ከመሣሪያው በፊት የባሕሩን ሙላትና ሽሽት ሰንጠረዥ ክፈቺ፤ ሮስኮፍ ላይ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አዮዲኑ በብዛት የሚመጣው ላሚናሪያ ዲጂታታ ከሚባለው ቡናማ የባሕር አረም ነው። አረሙ አዮዳይድ ያከማቻል። ውሃው ሸሽቶ አየር ላይ ሲቀርና ኦዞን ሲነካው አዮዳይዱን እንደ መከላከያ ያወጣዋል፤ ከላዩ ላይም ሞለኪዩላዊ አዮዲን ይተናል። ይህ አረም የሚበቅለው ግን በዳርቻው የታችኛው ጠርዝ ላይ ስለሆነ ተራ ሽሽት አይገልጠውም። የሚራቆተው ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ፣ ባሕሩ እጅግ በሚሸሽባቸው ጥቂት ቀናት ነው። ሮስኮፍ ላይ በእነዚያ ቀናት በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ8 ሜትር ያልፋል።

ሮስኮፍን የሚያስመርጣት ሌላም ነገር አለ። ትልቁ ሽሽት እዚያ የሚውለው በቀትር አካባቢ ነው። አረሙ በጣም በሚራቆትበት ሰዓት ፀሐይም አናት ላይ ናት ማለት ነው። ጨረቃ ግማሽ በምትሆንባቸው ቀናት ግን ዝቅተኛው ውሃ ጠዋትና ማታ ላይ ይውላል፤ ሽሽቱም ትንሽ ነው። ስለዚህ አራት ሳምንት ሲባል በእጅሽ የሚገባው ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ቀን፣ በቀን ደግሞ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። መሣሪያዎቹ ከመጀመሪያው ትልቅ ሽሽት ቢያንስ አራት ቀን ቀድመው ተተክለው፣ ሞቀው፣ ዜሯቸው (ጋዙ በሌለበት የሚሰጡት ንባብ) ተወስዶ መገኘት አለባቸው። የመጀመሪያውን ሽሽት በመገጣጠም ያሳለፈ ቡድን የልኬቱን ግማሽ አጥቷል።

አሁን ርቀቱን በሰዓት እናስላ። ሞለኪዩላዊ አዮዲን በቀትር ፀሐይ ተፈራርሶ የሚያልቀው በ10 ሴኮንድ ገደማ ነው። ነፋሱ በሴኮንድ 5 ሜትር ቢሆን ይህ 50 ሜትር ማለት ነው። የተለየው የአዮዲን አቶም 30 ፒፒቢ (ከቢሊዮን ሞለኪውል 30) ኦዞን ባለበት አየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ገደማ አዮዲን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አዮዲን ሞኖክሳይዱ ከራሱ ጋር ተጋጭቶ ወደ ከፍተኛ ኦክሳይዶች፣ ከዚያም ወደ ጥቃቅን ብናኝ ይሄዳል። ስለዚህ ከፍተኛው መጠን የሚገኘው ከአረሙ በነፋስ በኩል በጥቂት አሥር ሜትሮች ርቀት ላይ ነው። ካቪቲው ከዚህ አልፎ ከባሕሩ 400 ሜትር ገባ ብሎ ግቢ ውስጥ ቢቀመጥ የሚለካው የተረፈውን ነው።

የነፋሱ አቅጣጫ ደግሞ ዳኛ ነው። ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ከነፈሰ፣ አረሙ ቢራቆትም መሣሪያሽ ምንም አያይም፤ የዚያን ቀን ዜሮ ንባብ «አረሙ አልለቀቀም» ተብሎ እንዳይጻፍ።

---

ረጅም መስመር

ከላይ የተባለው እንዳለ ሆኖ፣ ረጅሙ መስመር ብቻውን ለምን እንደማይበቃ በቁጥር ላሳይ።

1 ፒፒቲ (ከትሪሊዮን ሞለኪውል አንዱ) ማለት በባሕር ወለል ግፊትና በ25 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.46 × 10⁷ ሞለኪውል ነው። የአዮዲን ሞኖክሳይድ ክሮስ ሴክሽን (የአንድ ሞለኪውል ብርሃን የመዋጥ አቅም) ከሁሉም በሚጎላበት በ427 ናኖሜትር 1.9 × 10⁻¹⁷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃኑ ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ሦስቱን ስታባዢ 2.8 × 10⁻⁴ ይመጣል። ከ10,000 የብርሃን እጅ ሦስት እንኳ አይሞላም። ጥሩ የተስተካከለ መሣሪያ ቅሪቱ (ጋዞቹ ሁሉ ከተቀነሱ በኋላ የሚተርፈው ምልክት) ከ2 እስከ 3 × 10⁻⁴ ስለሆነ የመለየት ወሰንሽ 1 ፒፒቲ አካባቢ ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ አንዱ መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ሆኖ ከዚያ ውስጥ በተራቆተ አረም ላይ የሚያልፈው 100 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ በዚያ 100 ሜትር ላይ 30 ፒፒቲ ቢኖርም መስመሩ የሚነግርሽ 1 ፒፒቲ ነው። 30 ሲባዛ በ100፣ ሲካፈል ለ3,000። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፤ የለኩት አየር ግን አንድ አይደለም። በሮስኮፍ እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው ዘመቻ በሌዘር ፍሎረሰንስ ነጥብ ላይ የተለካው መጠን በረጅም መስመር ከተለካው በእጅጉ የበለጠው ለዚህ ነው። መሣሪያዎቹ ተጣልተው አይደለም።

ስለዚህ ሁለቱንም ተጠቀሚ። መስመሩ የአካባቢውን አማካይ ይሰጣል፤ ካቪቲው የምንጩን ጫፍ ይሰጣል። የመስመሩን አቅጣጫ ስትመርጪ በካርታ ላይ ዝቅተኛውን የውሃ ጠርዝ አስምሪና ብርሃኑ ስንት ሜትር የአረም ቀበቶ ላይ እንደሚያልፍ ለክተሽ ጻፊ። ያ ቁጥር በኋላ ለማወዳደር የግድ ነው።

በአተካከሉ ላይ የሚበላሹት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

አንጸባራቂዎቹ። ጨው ይለብሳሉ። ከባሕር በኩል ኃይለኛ ነፋስ ካለ በሁለት ቀን ውስጥ የሚመለሰው ብርሃን በግማሽ ሊወርድ ይችላል። በተጣራ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ በአልኮል ማለፍ፤ ደረቅ ጨርቅ በጨው ላይ አይነካ፣ መስታወቱን ይፍቃል። ፊታቸው ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ያለ ጥቁር ቱቦ ቢደረግላቸው ጠብታውን ይቀንሳል። ለብሮሚን ሞኖክሳይድም ታስቦ ከሆነ አንጸባራቂውም ሆነ ፋይበሩ ኳርትዝ መሆን አለበት፤ ተራ መስታወት ከ350 ናኖሜትር በታች ብርሃን ይውጣል።

ፋይበሩ። አንድ ወጥ ፋይበር ብርሃኑን እኩል አይቀላቅልም፤ በነፋስ ሲነቃነቅ ስፔክትረሙ ላይ ሞገድ የመሰለ ቅርጽ ይጥላል፤ ያ ቅርጽ ደግሞ ከአዮዲን ሞኖክሳይድ ባንዶች ጋር ይምታታል። በትንሽ ሞተር ያለማቋረጥ ማንቀጥቀጥ መፍትሔው ነው።

የቀን ብርሃን። እያንዳንዱ ልኬት ሁለት ጊዜ ይወሰድ፦ መብራቱ ተከፍቶ፣ ወዲያው ደግሞ መብራቱ ተጋርዶ። የተጋረደው ከተከፈተው ይቀነሳል። ደመና በሚሮጥበት ቀን በሁለቱ መካከል ከአንድ ደቂቃ በላይ ካለፈ ቅናሹ ትርጉም አይኖረውም።

---

ሞገድ ዳር (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ከመስመሩ አጠገብ ወደብ አለ፤ መርከብም ይገባል ይወጣል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ማጣጣሙን (የተለካውን ስፔክትረም ከየጋዙ ማጣቀሻ ስፔክትረም ጋር ማገጣጠሙን) ምን ያህል ያበላሻል?

---

ረጅም መስመር

ያበላሻል፤ በሁለት መንገድ።

መጀመሪያ በስፔክትረሙ። 1 ፒፒቢ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በዚያው የሞገድ ርዝመት ላይ የሚተወው ቅርጽ ከ1 ፒፒቲ አዮዲን ሞኖክሳይድ አሥር እጥፍ ያህል ይበልጣል። የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ማጣቀሻሽ በመቶኛ ናኖሜትር ደረጃ እንኳ ከቦታው ከተንሸራተተ የሚተርፈው ቅሪት አዮዲን ሞኖክሳይድ መስሎ ይመጣል። የሞገድ ርዝመቱን በሜርኩሪ መብራት በየቀኑ አረጋግጪ፤ 404.7 እና 435.8 ናኖሜትር ላይ ያሉት መስመሮች ለዚህ መስኮት ምቹ ናቸው። የስፔክትሮሜትሩ ሙቀት በአሥረኛ ዲግሪ ደረጃ ይጠበቅ። ማጣቀሻዎቹን ሁሉ በራስሽ መሣሪያ የመስመር ቅርጽ አለስልሺ፤ በሌላ መሣሪያ የተለሰለሰ ማጣቀሻ አትጠቀሚ።

ከ416 እስከ 440 ናኖሜትር ያለው መስኮት ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ የአዮዲን ሞኖክሳይድ ሦስቱን ጠንካራ ባንዶች፣ ማለትም በ419፣ በ427 እና በ436 አካባቢ ያሉትን ይይዛል። ወደ 445 መዘርጋት አራተኛውን ባንድ ይጨምራል፤ ግን በ442 አካባቢ ያለው የውሃ እንፋሎት መምጠጥ አብሮ ይገባል፤ ባሕር ዳር ደግሞ እንፋሎት መቼም አይጠፋም። አንድ ባንድ ለማትረፍ ይህን ችግር መግዛት አይመከርም።

ሁለተኛው በኬሚስትሪው ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ አዮዲን ሞኖክሳይድን ወደ አቶም ይመልሰዋል፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ደግሞ አዮዲን ናይትሬት አድርጎ ያስረዋል። የመርከብ ጭስ ሲያልፍ መጠኑ በእውነት ይወርዳል። ስለዚህ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በድንገት ከ5 ፒፒቢ በላይ የወጣባቸውን ደቂቃዎች ምልክት አድርጊባቸው፤ ለብቻቸው ይታዩ። ጄኔሬተር የምትጠቀሙ ከሆነም ከነፋሱ በታች በኩል ይሁን።

ማጣጣሙ ሐሰት እየተናገረ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ ፈተና፦ ባሕሩ ሞልቶ ባለበት ሌሊት የሚወጣውን ንባብ ተመልከቺ። አረሙ ውሃ ውስጥ ነው፣ ብርሃን የለም፤ ንባቡ በዜሮ ዙሪያ መዋዠቅ አለበት። በቋሚነት 0.8 ፒፒቲ የሚል ከሆነ ያ 0.8 የመሣሪያው ነው። ሌሊት በባሕር ሽሽት ግን ይህን ፈተና አታድርጊ፤ በሜስ ሄድ፣ በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ሌሊት እስከ 93 ፒፒቲ የደረሰ ሞለኪዩላዊ አዮዲን ተለክቷል፤ ከናይትሬት ራዲካል ጋር ተጋጭቶም ጥቂት አዮዲን ሞኖክሳይድ ሌሊት ይሠራል።

---

ንጹሕ መስታወት

ስለ ካቪቲው እኔ ልጨምር።

መስታወቶችሽ 99.985 በመቶ የሚያንጸባርቁ ናቸው ብለን እንነሳ። በ150 ሴንቲ ሜትር ላይ የመስታወቱ ብክነት በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 1 × 10⁻⁶ ይሆናል፤ ባዶ ካቪቲ ቢሆን ብርሃኑ 10 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አየሩ ራሱ በ440 ናኖሜትር ላይ 2.7 × 10⁻⁷ ስለሚበትን በንጹሕ አየር ውስጥ ውጤታማው ርዝመት 7.9 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህንኑ የአየር መበተን ለካሊብሬሽን ተጠቀሚበት። ሂሊየም ከአየር ከ50 እጅ በላይ ያነሰ ይበትናል። ካቪቲውን በሂሊየም ሙዪና የሚወጣውን ብርሃን መዝግቢ፤ ከዚያ በንጹሕ ናይትሮጅን ወይም ከኦዞንና ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች በተጣራ አየር ሙዪና ደግመሽ መዝግቢ። የሁለቱ ንጽጽር መስታወቱ በእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ምን ያህል እንደሚያንጸባርቅ ይሰጥሻል። ካቪቲው ጋዙን ሙሉ በሙሉ እስኪለውጥ ከውስጥ መጠኑ አምስት እጥፍ ያህል ጋዝ ይለፍ። ሂሊየም ሲገባ ንባቡ መውጣቱን አቁሞ መርጋቱን ሳታዪ አትመዝግቢ። ይህን በየቀኑ ጠዋት፣ ከትልቁ ሽሽት በፊት አድርጊው።

ሰው የሚረሳው ነገር አለ። መስታወቶቹን ከጨው ለመጠበቅ ከፊታቸው ንጹሕ አየር ይነፋል። ያ አየር አዮዲን የለበትም። ስለዚህ ናሙናው ያለበት ርዝመት 150 ሳይሆን 120 ወይም 125 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። መጠኑን ለማወቅ የታወቀ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ አስገቢና ንፋሹን አንዴ ዘግተሽ፣ አንዴ ከፍተሽ ለኪ፤ የሁለቱ ንባብ ጥምርታ ማስተካከያሽ ነው። ይህ ሳይደረግ የቀረ ልኬት ሃያ በመቶ ዝቅ ብሎ ይወጣል።

ማጣሪያን በተመለከተ፦ ብናኙን ለማስቀረት ከፊቱ የቴፍሎን ማጣሪያ ማድረግ ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያዛልቃል፤ ለአዮዲን ሞኖክሳይድ ግን አይሆንም። ማጣሪያው ላይ የተያዘው እርጥብ ጨው አዮዲን ሞኖክሳይዱን ይውጣል፤ በቀላሉ የሚጠፋ ራዲካል ነውና። ካቪቲው ግድግዳ አልባ ሆኖ ለነፋሱ የተከፈተ ቢሆን ይመረጣል።

---

ሲምስ ቤት

የተከፈተ ካቪቲ ይመረጣል የሚለው ላይ አስተያየት አለኝ። ባሕር ዳር የጨው ብናኝ የሚያጠፋው ብርሃን በሜጋ ሜትር 100 መድረሱ የተለመደ ነው። ያ በሴንቲ ሜትር 1 × 10⁻⁶ ነው፤ ልክ የመስታወቱን ብክነት ያህል። ማዕበል ሲመታ ውጤታማው ርዝመት በግማሽ ገደማ ይወርዳል ማለት ነው፤ በየሴኮንዱም ይለዋወጣል። እንዲያውም አጭር፣ ሰፊ ማስገቢያና ፈጣን ፍሰት አይሻልም?

---

ንጹሕ መስታወት

ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን የርዝመቱን መውረድ መከታተል ይቻላል፤ ግድግዳ ላይ የጠፋውን ራዲካል ግን ማንም አይመልሰውም። መስኮቱን እስከ 480 ናኖሜትር ማድረስ የሚችል መብራት ካለ፣ በ477 ያለው የጥንድ ኦክሲጅን (የተጋጩ ሁለት የኦክሲጅን ሞለኪውሎች) መምጠጥ በየልኬቱ ርዝመቱን ይነግርሻል፤ የኦክሲጅን መጠን ስለማይለወጥ። መብራቱ እስከዚያ ካልደረሰ ግን በተዘጋ ካቪቲ መሥራት ሊገደዱ ይችላሉ። ያኔ ማስገቢያው ከ30 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ማጠፊያ አይኑረው፤ በየቀኑ ይለወጥ።

---

ሲምስ ቤት

ለ477ቱ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ጥሩ መልስ ነው።

አሁን ስለ ሲምሱ። አዮዳይድ አዮን ላይ ተጣብቀው የሚመጡትን ጋዞች በእነዚህ የክብደት ቁጥሮች ፈልጊ፦ ናይትሪል ክሎራይድ በ208 እና በ210፣ ሞለኪዩላዊ ክሎሪን በ197 እና በ199፣ ሞለኪዩላዊ ብሮሚን በ285፣ በ287 እና በ289፣ ብሮሚን ሞኖክሳይድ በ222 እና በ224፣ ሃይፖብሮመስ አሲድ በ223 እና በ225።

ሁልጊዜ ሁለቱንም አይሶቶፕ መዝግቢ። የናይትሪል ክሎራይድ 210 ለ208 ጥምርታ 0.32 ነው፤ የክሎሪኑ 199 ለ197 ጥምርታ 0.64 ነው፤ የብሮሚኑ ሦስቱ ቁጥሮች 1 ለ2 ለ1 ናቸው። ጥምርታው ከዚህ ከወጣ ያየሽው ሌላ ነገር ነው። ጥሬ ንባቡ ሳይሆን ዜሮው ከተቀነሰ በኋላ ያለው ምልክት ጥምርታ ነው የሚመረመረው።

ሞለኪዩላዊ አዮዲንን በአዮዳይድ አዮን ለመያዝ አትድከሚ። አዮዲኑ የሚመጣው 381 ላይ ሲሆን የአዮን ምንጩ ራሱ እዚያው ላይ ከፍተኛ የጀርባ ምልክት ይጥላል። ለአዮዲን የሚሻለው ብሮማይድ አዮን ነው፤ 333 እና 335 ላይ ይታያል። ግን ሁለቱን አዮኖች በአንድ መሣሪያ ላይ የምታፈራርቂ ከሆነ ይህን ልብ በይ፦ አዮዳይድ ከሃይፖብሮመስ አሲድ ጋር፣ ብሮማይድ ደግሞ ከሃይፖአዮደስ አሲድ ጋር ሲጣበቁ የሚሰጡት አዮን በቅመሙ አንድ ነው፤ 223 እና 225። የቀድሞው አዮን ከቱቦው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ከለካሽ አንዱን በሌላው ስም ትጽፊዋለሽ፤ የትኛውም ዓይነት የማስ ጥራት ይህን አይለየውም።

የማስገቢያው ቱቦ ፒኤፍኤ ቴፍሎን ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ በጥላ ይሁን። ሁለት ችግሮች አሉበት። ሃይፖብሮመስ አሲድ ግድግዳ ላይ ካለ ብሮማይድ ጋር ተገናኝቶ ሞለኪዩላዊ ብሮሚን ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ባሕር ዳር በቱቦ የተለካ ብሮሚን የሁለቱ ድምር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሌሊት በቱቦው ላይ የተቀመጠ ጨው ዳይናይትሮጅን ፔንቶክሳይድን ወደ ናይትሪል ክሎራይድ ይለውጣል፤ በአየሩ ውስጥ የሌለ ናይትሪል ክሎራይድ ትለኪያለሽ። ምርመራው እንዲህ ነው፦ ቱቦውን እኩለ ሌሊት ላይ በአዲስ ለውጪ። ንባቡ በዚያው ቅጽበት ደረጃ ከወረደ የወረደው መጠን የቱቦው ነበር።

ዜሮ ለመውሰድ አየሩን በሶዲየም ባይካርቦኔት ነክሮ በደረቀ የመስታወት ሱፍ ውስጥ አሳልፊው፤ ሃሎጅኖቹን ይይዛል፤ እርጥበቱን ግን አይለውጥም። እርጥበቱ እንዳይለወጥ የሚያስፈልገው አዮዳይድ ከውሃ ጋር ሲጣበቅ የመሣሪያው ስሜት ስለሚቀየር ነው። በደረቅ ናይትሮጅን የተወሰደ ዜሮ ለባሕር አየር ዜሮ አይሆንም።

---

ሞገድ ዳር (ጠያቂ)

ሲምሱን ለማካለብ የሚያገለግለውን የክሎሪን ፐርሚዬሽን ቱቦ (ጋዙን በግድግዳው በኩል በዝግታ የሚለቅ የታሸገ ቱቦ) በፋብሪካው ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ማመን ይቻላል?

---

ሲምስ ቤት

አይቻልም፤ ራስሽ ለኪው፤ አስቸጋሪ አይደለም።

ፐርሚዬሽን ቱቦውን በ40 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አስቀምጠሽ በላዩ ላይ በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ናይትሮጅን አሳልፊ። ከሁለት ቀን በኋላ ሲረጋጋ ያንን ጋዝ 50 ሚሊ ሊትር የ2 በመቶ ፖታሲየም አዮዳይድ ውህድ ውስጥ 24 ሰዓት አረፋ እያደረግሽ አሳልፊው። እያንዳንዱ የክሎሪን ሞለኪውል አንድ ትራይአዮዳይድ ይሠራል። ውህዱ ቀላ ያለ ቢጫ ይሆናል። በ352 ናኖሜትር፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ኩቬት ለኪ፤ ሞላር መምጠጡ 26,400 ገደማ ነው።

በምሳሌ፦ ቱቦው በደቂቃ 40 ናኖግራም የሚለቅ ከሆነ በ24 ሰዓት 57.6 ማይክሮግራም፣ ማለትም 0.81 ማይክሮሞል ይሰበሰባል። በ50 ሚሊ ሊትር ውስጥ 16 ማይክሮሞላር ነው፤ ንባቡም 0.43 ይመጣል። 0.43 ካላገኘሽ የወረቀቱ ቁጥር አይደለም የቱቦሽ ቁጥር።

ጠርሙሱን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልይ፤ ብርሃን አዮዳይዱን ያለ ክሎሪንም ያቀላዋል። ከጎኑ ናይትሮጅን ብቻ የሚያልፍበት ሌላ ጠርሙስ አስቀምጪና ንባቡን ቀንሺ። አሲድ አትጨምሪ። ከጠርሙሱ በኋላ ሁለተኛ ጠርሙስ አያይዢ፤ ሁለተኛው ቢጫ ካለው የመጀመሪያው እያመለጠው ነው።

ለናይትሪል ክሎራይድ የሚሸጥ ሲሊንደር ስለሌለ በቦታው ይሠራል፦ በትንሽ ፍሰት የሚመጣ ክሎሪን እርጥበት ባለው የሶዲየም ናይትራይትና የገበታ ጨው ድብልቅ ላይ ይለፍ። የወጣውን ወደ 450 ዲግሪ በጋለ ኳርትዝ ቱቦ አሳልፈሽ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከፍለሽ ለኪው። የካቪቲ ዶአሱ ካለሽ እሱ ራሱ ይህን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያነብልሻል። የጋለውንና ያልጋለውን ንባብ መቀናነስ አትርሺ፤ ድብልቁ ራሱ ጥቂት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለቃል።

---

ጨረቃና ባሕር

ለሞለኪዩላዊ አዮዲን ርካሽ ማረጋገጫ ደግሞ አለ። ውስጡ በስታርች ወይም በአልፋ ሳይክሎዴክስትሪን የተቀባ የመስታወት ቱቦ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ለ30 ደቂቃ አየር ይሳብበት። 50 ፒፒቲ ካለ 7.8 ናኖግራም አዮዲን ይያዛል፤ በላቦራቶሪ ውስጥ በቀላሉ ይለያል። በትልቁ ሽሽት ቀን በየግማሽ ሰዓቱ አንድ፣ ከአረሙ 10 እና 100 ሜትር ርቀት ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጪ የርቀቱን ተጽዕኖ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ቱቦዎቹ ከፀሐይ ይሸፈኑ፤ ባዶ ሆኖ ወደ ቦታው ሄዶ የተመለሰ ቱቦም ከየአምስቱ አንዱ ይሁን።

---

ሙት ባሕር

ከእስራኤል ነኝ። ጥያቄው ስለ ሮስኮፍ ቢሆንም ብሮሚን ሞኖክሳይድ ስለተነሳ ልጨምር፤ እዚህ ያለው ሁኔታ ተቃራኒ ነው።

የሙት ባሕር ውሃ በሊትር 5 ግራም ያህል ብሮማይድ አለው፤ የተራ ባሕር ውሃ ያለው 65 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከታተመው የመጀመሪያ ልኬት ጀምሮ በአየሩ ውስጥ ከፍተኛ ብሮሚን ሞኖክሳይድ ታውቋል፤ በኋላ በተደረጉት ከ150 ፒፒቲ በላይ ተለክቷል። በእንደዚህ ያለ ቀን ቀትር ላይ ኦዞኑ ተሟጦ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ስለዚህ እዚህ ረጅም መስመር ማሳደድ ስህተት ነው። በ340 ናኖሜትር ላይ አየሩ ራሱ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከብርሃኑ ከግማሽ በላይ ይበትናል፤ የአካባቢው አቧራ ሲጨመርበት የሚመለስ ብርሃን አይኖርም። 100 ፒፒቲ ባለበት ደርሶ መልስ 2 ኪሎ ሜትር ብቻ 5 በሺህ ያህል መምጠጥ ይሰጣል፤ በደንብ ይታያል። በማጣጣሙ ውስጥ ፎርማልዲሃይድና ኦዞን መግባት አለባቸው። ኦዞኑ በቀን ውስጥ ከ80 ፒፒቢ ወደ ምንም ሊወርድ ስለሚችል በአንድ ቋሚ መጠን አይያዝ።

ግፊቱንም አስታውሱ። ቦታው ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ገደማ ነው፤ 1 ፒፒቲ በሞለኪውል ሲቆጠር ከሮስኮፍ 5 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል። በሁለቱም ቦታ በየልኬቱ ግፊትና ሙቀት አብሮ ይመዝገብ።

---

ቀይ ባሕር

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ አጭር ማሳሰቢያ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአረቢያ ልሳነ ምድር ዙሪያ በመርከብ በተደረገው አካባ በተባለው ዘመቻ ናይትሪል ክሎራይድ በቀይ ባሕርና በባሕረ ሰላጤው ላይ ተለክቷል። እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። ዳይናይትሮጅን ፔንቶክሳይድ በ25 ዲግሪ 20 ሴኮንድ ያህል ይቆያል፤ በ35 ዲግሪ ግን 7 ሴኮንድ ብቻ። ማስገቢያ ቱቦው አየር ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፤ ከውጭ ካለው ሚዛን ይወጣል፤ እርጥበቱም ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል። ጤዛ ያለበት ቱቦ ምንም አይለካም። ቱቦውን ከውጭ ሙቀት አንድ ሁለት ዲግሪ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ ከዚያ በላይ አታሙቁት።

---

ሞገድ ዳር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕቅዱ እንዲህ ተስተካክሏል፦ ረጅሙ መስመር አንድ ወገን 3 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ውስጥ በአረም ቀበቶ ላይ የሚያልፈው በካርታ ተለክቶ ይጻፋል። ካቪቲው ተከፍቶ ከዝቅተኛው የውሃ ጠርዝ 60 ሜትር ላይ፣ እስከ 480 ናኖሜትር በሚደርስ መብራት። ሲምሱ ሌሊት በአዮዳይድ ብቻ፤ ለአዮዲኑ የስታርች ቱቦዎች። ሁሉም ከመጀመሪያው ትልቅ ሽሽት አምስት ቀን ቀድሞ ይተከላል። የጎደለ አለ?

---

ረጅም መስመር

አንድ ጎድሏል። ውሃው 8 ሜትር ይወጣል ይወርዳል፤ ብርሃኑ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ባሕሩ ሲሸሽ መስመሩ ከአረሙ 10 ወይም 12 ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል፤ ሲሞላ ከውሃው 3 ሜትር ላይ። በቀትር ሽሽት፣ አየሩ ገና በደንብ ሳይቀላቀል፣ አዮዲን ሞኖክሳይዱ ከመሬት ተጠግቶ ስለሚቆይ ከብርሃኑ በታች ሊያልፍ ይችላል። ቴሌስኮፑንና አንጸባራቂውን በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጊ፤ ሙላቱ ከሚደርስበት ከፍተኛ ምልክት 2 ሜትር ያህል ይበቃል፤ የሚረጨውን ውሃ ለመቋቋም አንጸባራቂውን በየቀኑ ማጠብ ይኖርብሻል። ከወደቡ የውሃ ከፍታ መለኪያ በየ10 ደቂቃው ያለውን ቁጥር ውሰጂና ከእያንዳንዱ ስፔክትረም ጎን አስገቢው። ካቪቲውም 60 ሜትር ያልሽው ከትልቁ ሽሽት ጠርዝ ከሆነ ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ይደርስበታል፤ በሁለት ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚነሳ መቆሚያ ላይ ይሁን።